በዓለም ቁና የሚሰፈር ወጣትነት

እ.ኤ.አ. በ1995 በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለችው የደሴቶች አገር በፊጂ፣ ናድሮጋ በሚባለው ግዛት ቴሌቪዥን ገባ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) እዚያ ሞላ ያለ ሰውነት የጤናና የመወደድ ምልክት ነበር። አንዲት ልጅ ስትከሳ ዘመድ አዝማዱ የሚንከባከባት ሰው አጥታ ይሆን ብሎ ይጨነቃል። በዚያው ዓመት አን ቤከር የተባሉ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪምና የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ 63 ተማሪ ልጃገረዶችን ስለ አመጋገባቸው ጠየቁ። በ1998 ተመልሰው በተመሳሳይ ዕድሜ ያሉ 65 ልጃገረዶችን ጠየቁ። በመጀመሪያው ዙር ክብደት ለመቀነስ ብላ የበላችውን የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። በሁለተኛው ዙር 11.3 በመቶ ሆኑ። ለአመጋገብ ሕመም የሚያሰጋ ውጤት ያመጡትም ከ12.7 ወደ 29.2 በመቶ አሻቀቡ።

ቁጥሩ ያስደነግጣል። እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ልጃገረዶቹ የሰጡት ምክንያት ነው። በቴሌቪዥን የሚያዩዋቸው ቀጫጭን ሴቶች ሥራ አላቸው፣ ገንዘብ አላቸው፣ ደስ ያላቸው ቦታ ይሄዳሉ። ልጃገረዶቹ እነሱን መምሰል እንደነሱ ለመኖር ያበቃል ብለው አሰቡ፤ ሰውነታቸውን ወደዚያ ሕይወት መሻገሪያ አድርገው ቆጠሩት። በስክሪኑ በኩል የመጣው ግን ምስሉ ብቻ ነበር። ሥራው አልመጣም፤ ገንዘቡም መሄጃውም አልመጣም።

ስለ ሉላዊነትና ስለ ወጣቶች የአእምሮ ጤና ሲወራ አንዱ ወገን ባህል ጠፋ ብሎ ያዝናል፣ ሌላው ስልኩን ንጠቋቸው ይላል። ሁለቱም የሚጨነቁበት ምክንያት ይገባኛል፤ ሆኖም ከእነዚያ ልጃገረዶች የሚገኘውን ዋናውን ትምህርት የሳቱት ይመስለኛል። መለኪያው ድንበር ተሻገረ፤ ወደ መለኪያው የሚያደርሰው መንገድ እዚያው ቀረ። የዛሬ ወጣት የሚሰፈርበት ቁና የዓለም ነው፤ የሚሰፈርለት ግን ከገዛ ሰፈሩ ጎተራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው የሚያሳምመው።

ሰው ራሱን ከሰው ጋር ማወዳደሩ አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እንደጻፉት፣ ሰው ችሎታውንና አቋሙን የሚመዝንበት ቁርጥ ያለ ሚዛን ሲያጣ ራሱን ከሌሎች ጋር ያስተያያል፤ ለዚህም የሚመርጠው እሱን የሚመስሉትን ነው። በፌስቲንገር ዘመን እሱን የሚመስሉት የክፍል ጓደኞቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ የአክስትና የአጎት ልጆቹ ነበሩ። ከእነሱ ጋር መወዳደርም ያማል፤ ልክ ግን ነበረው። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ ቤቱ ሲቆጡት ይሰማል። ቆንጆዋ ጎረቤት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ትታያለች። የሰው ጉድለቱም ሙላቱም አብሮ ዓይን ውስጥ ይገባል።

አሁን ደግሞ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ አልጋው ውስጥ ሆኖ ስክሮል የሚያደርግ የ17 ዓመት ልጅ አስቡ። መጀመሪያ በሌላ አህጉር የሚኖር እኩያው የራሱን ኩባንያ እንዴት እንደከፈተ ያወራል። ቀጥሎ አንዲት ልጅ የዩኒቨርሲቲ ቅበላ ደብዳቤዋን ከፍታ በደስታ ትጮኻለች። ቀጥሎ አንዱ ሰውነቱ ከስድስት ወር በፊት ምን ይመስል እንደነበርና ዛሬ ምን እንደሚመስል ጎን ለጎን ያሳያል። ቀጥሎ ጓደኛሞች ተሰብስበው ይስቃሉ። ሁሉም በዕድሜ እንደሱ ናቸው፤ የያዙት ስልክ ሳይቀር የሱን ይመስላል። ለዚህ ነው "እኔን ምን ነካኝ?" ብሎ ራሱን የሚጠይቀው። እነዚህን ሰዎች አልጎሪዝም ከሚሊዮኖች መካከል መርጦ እንዳመጣለት ልቡ ቢያውቅም ስሜቱ አያውቅም። ሁሉም ተደምረው ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ሰው ይሆናሉ፦ ሀብታምም፣ ጎበዝም፣ ጠንካራም፣ ተወዳጅም የሆነ፣ የትም አገር የማይኖር አንድ እኩያ። ልጁ መብራት አጥፍቶ ሲተኛ የተሸነፈው በዚህ ሰው ነው።

ይህን በማስረጃ የሚያጠናክር ጥሩ ጥናት አለ። ፌስቡክ በ2004 ሃርቫርድ ላይ ሲጀመር ለሁሉም በአንድ ጊዜ አልተከፈተም፤ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ በየተራ ነበር የተዳረሰው። ይህ ቅደም ተከተል ለተመራማሪዎች ማንም ያላቀደው ሙከራ ሆነላቸው። ሦስት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች ፌስቡክ ቀድሞ የደረሳቸውንና ገና ያልደረሳቸውን ኮሌጆች የተማሪዎች የጤና መጠይቅ አነጻጽረው፣ ፌስቡክ በገባባቸው ኮሌጆች የተማሪዎቹ የአእምሮ ጤና፣ በተለይ ድብርቱ፣ መባባሱን በ2022 አሳተሙ። ለዚህ ዋናው ምክንያት ተማሪዎቹ ራሳቸውን ከሌሎች ጋር ማወዳደራቸው እንደሚመስል ጽፈዋል። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ በገጹ ላይ የሚታዩት በአብዛኛው የገዛ ኮሌጃቸው ልጆች ነበሩ። ቁናው ገና የዓለም አልሆነም ነበር።

ሆኖም ስልኩን ብቻ ተጠያቂ ለማድረግ የሚቸኩል ሰው ሌላውንም ጥናት ማየት አለበት። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕሺቢልስኪ በ2019 ከ350,000 በላይ የሆኑ ታዳጊዎችን መረጃ መርምረው፣ በታዳጊዎቹ ደኅንነት መካከል ካለው ልዩነት በዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም የሚገለጸው ቢበዛ 0.4 በመቶ ነው ብለዋል። በጣም ትንሽ ነው። እኔ የማየው ግን አማካይ ቁጥር ምን ያህል እንደሚደብቅ ነው። በስልኳ ከሩቅ ጓደኛዋ ጋር ስትሳሳቅ ያመሸችውና ስለ መልኳ የተጻፈውን እያነበበች ስታለቅስ ያመሸችው በመጠይቁ ላይ እኩል ሦስት ሰዓት ይሞላሉ። ሰዓት መቁጠሩ ብዙ የማይነግረን ለዚህ ነው። ልጁ ራሱን የሚያወዳድረው ከማን ጋር ነው? ወደዚያ የሚወስደው መንገድስ አለው? እነዚህ ቢጠየቁ ይሻላል።

የ2024ቱ የዓለም የደስታ ሪፖርት በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል። በሰሜን አሜሪካ ከ30 ዓመት በታች ያሉ ወጣቶች ደስታ በጣም ከመውረዱ የተነሣ፣ በእነሱ ብቻ ሲለካ ዩናይትድ ስቴትስ 62ኛ ሆነች። በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ ግን የወጣቶች ደስታ ጨምሮ ነበር፤ በወጣቶቿ አንደኛ የወጣችው ሊትዌኒያ ናት። የቪልኒየስ ልጅና የቺካጎ ልጅ የሚያዩት አፕሊኬሽን አንድ ነው። የሊትዌኒያው ልጅ ግን አገሩ በ2004 የአውሮፓ ኅብረት አባል ከሆነች ወዲህ ያደገ ነው፤ በስክሪኑ ያየውን ዩኒቨርሲቲ ቢፈልግ ያለ ቪዛ አውቶቡስ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ ወላጆቹ በሱ ዕድሜ ያላገኙትንም ያገኛል። ለልዩነቱ ሌላም ብዙ ምክንያት ሊኖር ይችላል። እኔ ግን መንገድ ሲከፈት ያው መለኪያ ተስፋ እንደሚሆን፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ መርዝ እንደሚሆን የሚያሳይ አድርጌ ነው የማነበው።

መንገዱ የጠበበባቸው ወጣቶች ለድካማቸው ስም አውጥተውለታል። በደቡብ ኮሪያ ከ2011 ጀምሮ "ሳምፖ" የሚባል ትውልድ አለ፤ ሦስት ነገሮችን የተወ ማለት ነው፦ ፍቅርን፣ ትዳርን፣ ልጅ መውለድን። የሚተወው ነገር እየበዛ ሲሄድ ቁጥሩ ጨመረ፣ በመጨረሻም መቆጠሩ ቀረ። በቻይና "ኔይጁዋን" የሚለው ቃል ሁሉም የበለጠ እየሮጠ ማንም አንድ እርምጃ ፈቀቅ የማይልበትን ፉክክር መግለጫ ሆነ፤ በ2021 ደግሞ መልሱ "ታንግፒንግ" ሆኖ መጣ፤ ጋደም ማለት። እነዚህ ሁለት አገሮች ከዓለም ገበያ እጅግ ከተጠቀሙት መካከል ናቸው። ሀብቱ መጥቷል። ከሀብቱ ጋር ግን የፈተናው፣ የሥራ ውድድሩና የቤት ዋጋው ከፍታ አብሮ መጣ፤ ልጆቹም ከወላጆቻቸው የበለጠ ተምረው ከወላጆቻቸው ያነሰ የተረጋጋ ኑሮ ጠበቃቸው። ጋደም ያለውን ወጣት ሰነፍ ማለት ቀላል ነው። እኔ በዚያ ውስጥ የማየው ራሱን ከመለኪያው ለማዳን የሚሞክር ሰው ነው።

ዓለም በመተሳሰሩ ችግሩም ይተሳሰራል። በ2008 የተቀሰቀሰው የገንዘብ ቀውስ የጀመረው ከአሜሪካ የቤት ብድር ነው። በ2013 በግሪክና በስፔን ሥራ ከሚፈልጉ ወጣቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሥራ አጥ ነበሩ። አንዲት የአቴንስ ልጅ በሌላ አህጉር ለተፈረመ ብድር የ20ዎቹ ዕድሜዋን ከፈለች ማለት ነው። ስትወድቅ ጥፋቱን የምትፈልገው ግን በራሷ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱ ሩቅና የማይታይ ሲሆን ሰው ቅርብ ያለውን፣ ማለትም ራሱን፣ ይከሳል። እንዲህ ያለውን ራስን መውቀስ በድብርት የተያዘ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሥራ ያገኙትም ቢሆኑ ዓለም አቀፉን ገበያ በገላቸው ነው የሚሸከሙት። ማኒላ ውስጥ ፀሐይ ስትጠልቅ የጆሮ ማዳመጫቸውን አጥልቀው ሥራ የሚጀምሩ እጅግ ብዙ ወጣቶች አሉ፤ የሚደውልላቸው ደንበኛ ያለው አሜሪካ ስለሆነ ለእሱ ጠዋት ነው። ሰውነታቸው በአንድ አገር፣ እንቅልፋቸው በሌላ አገር ሰዓት ይኖራል። የእንቅልፍ መዛባት ለድብርትና ለጭንቀት በር እንደሚከፍት ደግሞ በሚገባ የታወቀ ነው። በህንድ የጥሪ ማዕከሎች ሥራው በተስፋፋባቸው ዓመታት ብዙ ተቀጣሪዎች የምዕራባውያን ስም ይሰጣቸው፣ አነጋገራቸውን እንዲቀይሩም ይሠለጥኑ ነበር። ሌሊቱን በሙሉ በሌላ ስም ተጠርቶ፣ በሌላ ሰው ቅላጼ ይቅርታ ሲጠይቅ አድሮ፣ ጠዋት በእናቱ ቋንቋ "እንዴት አደርክ?" ሲባል ምን ብሎ እንደሚመልስ አስቡት።

ማንነትን በተመለከተ የሥነ ልቦና ምሁሩ ጄፍሪ አርኔት በ2002 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሉላዊነት ዋነኛው ሥነ ልቦናዊ ውጤት በማንነት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው ብለው ነበር። ብዙ ወጣቶች አንድ እግራቸውን በተወለዱበት ባህል፣ ሌላውን በዓለም አቀፉ ባህል ያቆማሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ሁለቱም የራሳቸው ሳይሆን ቀርቶ ይዋዥቃሉ። በስደተኞች ላይ የተሠሩ የሌላው የሥነ ልቦና ምሁር የጆን ቤሪ ጥናቶችም በአመዛኙ ሁለቱን ባህሎች አጣምሮ መያዝ የተሻለ ጤና፣ ከሁለቱም መገለል ደግሞ የከፋ ጭንቀት እንደሚያመጣ ያሳያሉ። ለወላጆችም ለመምህራንም ይህን ደጋግሜ ብናገር ደስ ይለኛል፦ ሁለት ማንነት መያዝ በሽታ አይደለም። የሚያሳምመው ቤት "ከኛ አይደለህም"፣ ውጭ ደግሞ "አንተ ማን ነህ?" ሲባል ነው። ልጁ በባዕድ ቋንቋ መዝፈኑን እንደ ክህደት የሚቆጥር ቤተሰብ ሳያውቀው ከሁለቱ በሮች አንዱን ይዘጋበታል።

ወላጁ ራሱ በር ላይ የሌለበትም ቤት አለ። በ2018 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ አንድ ሰፊ ግምገማ 111 ጥናቶችን አሰባስቦ፣ ወላጆቻቸው ለሥራ ርቀው የሄዱባቸው ልጆች ወላጆቻቸው አብረዋቸው ካሉት ይልቅ ለድብርት የመጋለጥ ዕድላቸው በ52 በመቶ፣ ለጭንቀት ደግሞ በ85 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቷል። አብዛኞቹ ጥናቶች የተሠሩት ከገጠር ወደ ከተማ ስለፈለሱ ቻይናውያን ነው፤ ድንበር አልተሻገሩም ተብሎ ከጉዳያችን ውጭ ሊመስል ይችላል። ግን ከእነዚያ ወላጆች ብዙዎቹ የሄዱት ለመላው ዓለም ስልክና ጫማ ወደሚሠሩት ፋብሪካዎች ነው። አያቱ ቤት የሚያድገው ልጅ የሚነካው ስልክ እናቱ የገጣጠመችው ሊሆን ይችላል። የሚላከው ገንዘብ ለትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ለሕክምናም ይደርሳል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ልጁ ግን በቪዲዮ ጥሪ ላይ ጥርሱ መነቀሉን ያሳያል እንጂ አልቅሶ እቅፍ ውስጥ አይገባም።

የጋራ ስጋትም አለ፤ እሱን ባጭሩ ልለፈው። በ2021 በ10 አገሮች የሚኖሩ ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 10,000 ወጣቶች ስለ አየር ንብረት ለውጥ ተጠይቀው 59 በመቶው በጣም ወይም እጅግ በጣም እንደሚጨነቁ፣ ከ45 በመቶ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ስሜቱ የዕለት ኑሯቸውን እንደሚነካ ተናግረዋል። ፊሊፒንስና ናይጄሪያም፣ ፊንላንድና ፈረንሳይም ነበሩበት።

ረጋ ብሎ መታየት ያለበት ሌላው ነገር፣ ሉላዊነት የሕመሙን ቅርጽና ቋንቋም ጭምር ማመላለሱ ነው። በ2021 ገደማ በካናዳ፣ በብሪታንያ፣ በጀርመንና በሌሎችም አገሮች ወደ ነርቭ ክሊኒኮች ያልተለመዱ ታካሚዎች መምጣት ጀመሩ። ከዚያ በፊት ምንም ያልነበረባቸው ታዳጊዎች፣ በብዛት ሴቶች፣ በድንገት ሰውነታቸው ይወራጫል፣ ሳይፈልጉ ቃላት ይጮኻሉ። ተገናኝተው የማያውቁ ልጆች አንዱን ቃል በአንድ ዓይነት አኳኋን ሲደግሙት ሐኪሞቹ ምንጩን ፈለጉ፤ ብዙዎቹ ልጆች ቱሬት የሚባለው የነርቭ ሕመም ያለባቸው ወጣቶች ስለ ራሳቸው የሠሯቸውን የቲክቶክና የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ሲመለከቱ ቆይተው ነበር። ልጆቹ አያስመስሉም፤ ይህ በደንብ ይሰመርበት። የወረርሽኙ ዘመን ጭንቀት ውስጣቸው ነበረ፤ መውጫ አልነበረውም፤ ስክሪኑ መውጫ ቅርጽ አበደረው።

ቃላትም እንዲሁ ይጓዛሉ። ፓኒክ አታክ፣ ትራውማ፣ ዲፕሬሽን የሚሉት ቃላት ዛሬ በየትኛውም ቋንቋ የሚናገር ወጣት አፍ ውስጥ ይገኛሉ። ይህ ብዙ ሰው አድኗል ብዬ አምናለሁ። ለዓመታት "ምን እንደሆንኩ አላውቅም" ስትል የኖረች ልጅ ስሜቷ ስም እንዳለው፣ ሌሎችም እንደሚሰማቸው፣ ሊታከም እንደሚችል ስታነብ ትንፋሿ ይመለሳል። በሌላ በኩል ግን የመጣው ቃል የነበረውን ቃል ሲያስረሳ ኪሳራ ይሆናል። በዚምባብዌ በሚነገረው የሾና ቋንቋ "ኩፉንጊሲሳ" የሚባል ቃል አለ፤ በአማርኛ "ሐሳብ በዛብኝ" ቢባል ይቀርበዋል። ይህ ቃል ስለ ሕመሙ ብቻ አይናገርም፤ የሚታሰብ ነገር አለ፣ ያም ነገር ምን እንደሆነ ጠይቁኝ የሚል ግብዣ አለበት።

የሕመም ስም በዓለም ሁሉ ሲዳረስ ሕክምናው አብሮ አልተዳረሰም። ከዓለም የጤና ድርጅት በምናገኘው መረጃ፣ ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ መንግሥታት ግን ከጤና በጀታቸው ለአእምሮ ጤና የሚመድቡት 2 በመቶ ገደማ ነው። በድሃ አገር የሠለጠነው የአእምሮ ሐኪምም የተሻለ ደመወዝ ወዳለበት ይሄዳል። የ16 ዓመቷ ልጅ በስልኳ ላይ ከዓለም ምርጥ ክሊኒኮች የወጣ ምክር ታነባለች፤ በመጨረሻው መስመር "ባለሙያ ያማክሩ" ይላል፤ በምትኖርበት አካባቢ ባለሙያ የለም። ፊጂ ላይ የሆነው ነው የተደገመው።

አውስትራሊያ በ2024 ባወጣችው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት እንዳይኖራቸው ወሰነች፤ ሕጉ ታኅሣሥ 2025 ሥራ ላይ ዋለ። ኩባንያዎቹ በልጆች ትኩረት እንደልባቸው መነገድ እንደማይችሉ ማሳወቁን እደግፋለሁ። ሕጉ ግን የሚነካው ቁናውን ብቻ ነው። ጎተራው ባዶ ከሆነ ልጁ 16 ዓመት በሞላው ማግስት ያው ርቀት ይጠብቀዋል።

ጎተራውን ለመሙላት ከተሞከሩት ውስጥ ልቤን የሚነካው ሐራሬ ላይ የተጀመረው ነው። በ2006 ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ፣ ለሚሊዮኖች ጥቂት የአእምሮ ሐኪሞች ብቻ በነበሯት ዚምባብዌ፣ 14 ሴት አያቶችን አሠልጥነው በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አያቶቹ "ዲፕሬሽን አለብሽ" አይሉም፤ ስለ ኩፉንጊሲሳ ይጠይቃሉ። በ2016 የታተመው ጥናት፣ ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸው ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት 14 በመቶ ያህሉ፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት ደግሞ ግማሽ ያህሉ መሆናቸውን አሳይቷል። በጥናቱ የተሳተፉት በብዛት ጎልማሶች ናቸው፤ ለወጣቶች እንዳለ ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። ወንበሩ ግን ወደ ማላዊ፣ ወደ ዛንዚባር፣ አልፎም እስከ ኒውዮርክ ድረስ ሄዷል። ይህም ሉላዊነት ነው።

የሚሠሩበት መንገድ ቀላል ነው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ሴት የሚያስጨንቃትን ሁሉ ትዘረዝራለች፤ አያቲቱ ሳያቋርጡ ይሰማሉ። ከዚያ ከዝርዝሩ ውስጥ አንዱን ብቻ እንድትመርጥ ይጠይቋታል። ስትመርጥ፣ ለዚያ ለአንዱ ችግር፣ ባላት አቅም፣ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ምን ማድረግ እንደምትችል አብረው ያስባሉ።